ቺንጋው እስኪበጠስ ለምን እንጠብቃለን? (ለሚኒባስ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ስራ ትታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፣ አላንዛዛም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ሞተር ሲወርድ ብር የሚያገኘው ሰውዬ እኔው ነኝ፣ ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ ለኪሴ ብዙም አይጠቅምም።

ከታይሚንግ ቺንጋ ልጀምር። 5ኤል ሃይሩፍ፣ ማለቴ 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለውን ቶዮታ ሚኒባስ፣ የምትነዱ እዚህ ብዙ ናችሁ። ቺንጋው የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በሰአቱ የሚያስኬድ የጎማ ቀበቶ ነው፣ በ100,000 ኪሎሜትር ይቀየር ተብሎ ነው የተሰራው፣ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። እኛ ምን እናደርጋለን? አምፖሉን እንነቅላለን! ወይ ኪሎሜትር ቆጣሪው ራሱ ከቆመ ቆይቷል። ቺንጋ ሲበጠስ ታዲያ እንደ ጎማ ዳር ይዞ ቀይሮ መሄድ የለም፣ ቫልቩ እንደተከፈተ ይቀራል ፒስተኑ ከስር መጥቶ ይመታዋል፣ ከዛ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል፣ መኪናው ቆሞ እናንተ ሶማሌ ተራ እቃ ፍለጋ ስትዞሩ ትከርማላችሁ። ቀድማችሁ ብታስቀይሩት ግን የአንድ ቀን ስራ ነበር። ስታስቀይሩም የሚወጥረውን ኩሽኔታ አብራችሁ አስቀይሩ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ኦይል ሲልም አሳዩ፣ ዘይት የነካው ቺንጋ አዲስም ቢሆን አይቆይም።

አሁን ደግሞ ማንም የማያየው እቃ፣ የራዲያተር ክዳን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 92 አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በጤናውም ከ80 እስከ 90 ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ልዩነቱን እዩት፣ ምንም የለም እኮ! ያ ውሃ እንዳይፈላ አፍኖ የያዘው ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ተፅፎ ታገኛላችሁ፣ ግፊት ነው፣ ያንን ግፊት ከያዘ ውሃው 110 እስኪያልፍ አይፈላም። የውስጥ ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ከተማ ውስጥ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ ኮንትራት ይዛችሁ አባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ያ ሁሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ሰው ጭናችሁ፣ እዛ ጋ ነው የሚያጋልጣችሁ። ሞተር ሞቀ ብሎ ቴርሞስታቱን፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን እቃ፣ አውጥቶ የሚጥል መካኒክም አለ፣ ይሄ ማከም አይደለም፣ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል።

ዘይት ላይ አጭር ነኝ። ጠቆረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ናፍጣ ሞተር ውስጥ በቀናት ይጠቁራል። ግን ተራ እየጠበቃችሁ ሞተር ሳታጠፉ የምትቆሙት ሰአት ኪሎሜትር ላይ አይቆጠርም፣ ዘይቱ ግን እየሰራ ነው፣ ስለዚህ 5,000 ሳይሞላም ቀይሩ። "እየጨመርኩበት ነው" የሚል ሰው ደግሞ አሮጌውን ቆሻሻ እዛው ይዞት ነው የሚዞረው።

ሁሉም እቃ ቀድሞ ይቀየር እያልኩ አይደለም። አምፖል እስኪቃጠል ጠብቁ፣ ክላክስም እንደዛው፣ ቢበላሽ ራሱን ነው እንጂ ሌላ እቃ ይዞ አይሄድም። ደህናውን ሁሉ ካልቀየርኩ የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ማንም አጥቶት አይደለም፣ ችግሩ ገቢው ነው። ሾፌሩ ዛሬ ጋራዥ ከዋለ የእለቱን ገቢ ከየት ያምጣ? ባለንብረቱ ደግሞ ያለ ገቢ መኪናዬ ለምን ትቆማለች ይላል። እና ሾፌሩ ድምፅ እየሰማ ዝም ይላል፣ እኔ ብሆንም ዝም እላለሁ። ስለዚህ ባለንብረቶች፣ ለእናንተ የማቀርበው ሀሳብ ይሄ ነው፦ የሰርቪስ ቀን ገቢ አትጠይቁ። ወጪው በደብተር ይፃፍ፣ ምን ተቀየረ፣ ስንት ኪሎሜትር ላይ፣ ደብተሩ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ ሾፌር ቢቀየር እንኳን አዲሱ ያየዋል።

ስንጨርስ መኪና ይዛችሁ የመጣችሁ ውጪ ጠብቁኝ፣ ሞተሩ እስካሁን ስለቀዘቀዘ ክዳኑን አብረን ከፍተን እናያለን፣ በነፃ ነው።