ቡችላችሁ ጅማን ይወቅ

የተከበራችሁ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በአንድ ልጅ ልጀምር። ከአምስት ዓመት በፊት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ኳስ ግቢያችን ገብታበት ሊያወጣ አጥር ዘሎ ገባ። ውሻዬ ሰንሰለቱን በጥሶ ጭኑን ያዘው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ያንን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጓሮ አስሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። «ሰው ካላየ ኃይለኛ ይሆናል» ሲባል ሰምቼ አመንኩ። ልጁ ክትባቱን ጨርሶ ዳነ። እናቱ ግን ዛሬም እኛ በር ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ባየኋት ቁጥር ያመኛል።

ከመካከላችሁ ሮትዋይለር የሚባለውን የውሻ ዝርያ የምታሳድጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስሙን ያገኘው ሮትቫይል ከምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ነው። እዚያ ከብት ይነዳ፣ የሥጋ ነጋዴዎችን ጋሪ ይጎትት ነበር። ኮርማ ፊት ቆሞ የማያፈገፍግ ውሻ ነው ለዚህ ሥራ የሚፈለገው። ግትርነቱ ከዚያ የመጣ ነው። ወንዱ ሲያድግ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ይህንን በጉልበት አሸንፋለሁ ማለት አያዋጣም። ሥራው መጀመር ያለበት ገና በእጅ ሲታቀፍ ነው።

ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ አጭር ነው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ዕድሜው ያላየውን ነገር በኋላ ሲያገኘው ይደነግጣል። የመጀመሪያው ውሻዬ ያየው የቆርቆሮ አጥርና እኔን ብቻ ነበር። ኃይለኛ መሰለኝ እንጂ ፈሪ ነበር። የነከሰውም ፈርቶ ነው።

አሁን መከታ የሚባል ሮትዋይለር አለኝ። ቡችላ ሳለ ክትባቱ ስላላለቀ መሬት አላስረገጥኩትም፤ በዘንቢል ይዤው እወጣ ነበር። ሒርማታ ገበያ ዳር ቁጭ እንላለን። ባጃጅ ያልፋል። ጋሪ ያልፋል። የቡና ጆንያ የተሸከሙ ልጆች፣ ጂልባብ የለበሱ እናቶች፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሽማግሌዎች ያልፋሉ። አዛን ይሰማል። ተረጋግቶ ባየ ቁጥር ቁራጭ ሥጋ እሰጠዋለሁ። ጅራቱን ከወሸቀ ራቅ ብለን እንቀመጣለን እንጂ አላስገድደውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዲነካው አይፈልጉም፤ ሶላት አለባቸው። ስለዚህ ውሻ ሰው ለመደ ማለት ሰው ላይ ተንጠላጠለ ማለት አይደለም። ሰውን አይቶ ዝም ማለት ነው የሚጠበቅበት። የመከታ የመጀመሪያ ትምህርትም ሰው ሲያልፍ ቁጭ ማለት ነበር። ከዚህ የበለጠ የተማረው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ቀላል ግን አልነበረም። እኔ «ቁጭ በል» እላለሁ፣ ባለቤቴ በኦሮምኛ «ታኢ» ትላለች፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ «ሲት» ይላሉ። እሱ ዝም ብሎ ያየናል። እምቢተኛ ነው ብለን ተማረርን። ጥፋቱ የኛ ነበር። ተሰብስበን «ታኢ» ላይ ተስማማን፤ ከዚያ ወዲህ ገባው። እናንተም ቤት አንድ ቃል ምረጡ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲረዝምበት ይሰለቻል፣ ሲሰለች ጆሮ ይነፍጋችኋል። ምግቡንም ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ስጡት።

ከስድስት ወሩ በኋላ ይፈትናችኋል። የሚያውቀውን ትእዛዝ እንዳልሰማ ይሆናል። አትምቱት፤ በገመድ ይዛችሁ ከመጀመሪያው ድገሙለት። ሲያጉረመርምም አትምቱት። ማጉረምረም «ራቁኝ» ማለት ነው። ያንን በዱላ ካስተዋችሁት፣ ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ለምን እንደፈራ ፈልጉ።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ አጭር ነገር ልናገር። ውሻችሁን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ ከዓመት በኋላም ድገሙ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው አንዴ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

መከታ አሁን ከልጄ ጋር ውጭ በር ላይ ነው። ስትወጡ ቁጭ ብሎ ያሳልፋችኋል፤ መንካት አያስፈልጋችሁም። ቡችላ ያላችሁ ግን እኔ ጋ ቆዩ። ሐሙስ ጠዋት ዘንቢላችሁን ይዛችሁ ሒርማታ አብረን እንሄዳለን።

አመሰግናለሁ።