ከጆሮ ሥር የተገኘች እብጠት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የታማሚ ቤተሰቦች፣ እንደምን አደራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ የሰማሁትን አንድ አባባል ለዓመታት ሳልመረምር ይዤ ኖሬአለሁ። «የአንጎል ካንሰር ከቤቱ አይወጣም» ይባል ነበር። ሳንባና ጡት ካንሰራቸውን ወደ አንጎል ይልካሉ፤ አንጎል ግን ለማንም አይልክም።

ይህን እምነቴን ያናጋው መጽሐፍ ሳይሆን የገዛ ጣቴ ነው። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ የወሰደ ጎልማሳ ለክትትል መጣ። ሊወጡ ሲሉ ባለቤቱ «ዶክተር፣ ይህችንም ይዩልኝ» አለችኝ። የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ባለበት ጎን፣ ከጆሮው ሥር፣ ባቄላ የምታህል ንፍፊት ነበረች። ስነካት ጠጣር ናት፤ አታመውም፤ ከቦታዋም አትነቃነቅም። ብርድ ነው ብዬ ልሸኛቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር የአንጎሉ ዕጢ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ግሊዮብላስቶማ ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር አልፎ የሚዛመተው ከመቶ ታማሚዎች ከሁለት በማይበልጡት ላይ ነው። ሲዛመትም ሳንባን፣ ንፍፊትን፣ አጥንትንና ጉበትን ይይዛል። ሕፃናትን የሚያጠቃው ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የአንጎል ዕጢ ደግሞ አጥንትና መቅኔ ላይ ያርፋል።

ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? አንጎልን የሚሸፍነው ጠንካራ ስስ ቆዳ ይገድበዋል ይባላል። ነገር ግን ሕዋሳቱ መውጣታቸው ተረጋግጧል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት ከ141 ታማሚዎች በ29ኙ ደም ውስጥ አግኝቷቸዋል። ወጥተው ለምን አይበቅሉም ለሚለው የሰውነት መከላከያ አንዱ መልስ ይመስላል። ግሊዮብላስቶማ ከነበረበት ሰው ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ሳንባ የተቀበሉና መከላከያቸው በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎች ላይ ያው ዕጢ በቅሎ ታይቷል። ሌላው ምክንያት፣ በእኔ ግምት ትልቁ፣ የጊዜ ማጠር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ታዋቂ ጥናት ከጨረር ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት የወሰዱት ታማሚዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 14.6 ወር ነበር። ዕጢው ሌላ ቦታ ሥር ሰድዶ ሳይታይ ሰውየው ያልፋል። ስለዚህ ሕክምናው ባደገ ቁጥር እንዲህ ያለውን ስርጭት አሁን ከምናየው በላይ እናያለን ብዬ እጠብቃለሁ።

ለባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው ወገቤን አለ ሲል ሁሉንም በመተኛት ብዛትና ለአንጎል እብጠት በሚሰጠው ስቴሮይድ አታሳብቡ። አከርካሪውን በኤም አር አይ እዩ፤ አንገቱን ዳስሱ። እናንተ ቤተሰቦችም እብጠት ስታዩ ሐኪሙ ሥራ በዝቶበታል ብላችሁ አትተዉት።

ያ ታማሚ ካረፈ በኋላ ባለቤቱ መጥታ «ቀድሜ ባሳይዎት ይድን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አይድንም ነበር፤ እንዲሁ አልኳት። አንገቱ ላይ ጨረር ስለወሰደ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ከእጇ እየጎረሰ ይውጥ ነበር።

አመሰግናለሁ።