ከናልባንዲያኖች እስከ ሽሮ ሜዳ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ወጣት ሙዚቀኞች፣ የአራዳ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዲስ አበባ የብዙ ሕዝብ ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ማንሣት የፈለግሁት ይህ ሁሉ ሰው ተሰባስቦ ምን ሠራ የሚለውን ነው። ጎን ለጎን መኖር አንድ ነገር ነው። የሌላውን ጥበብ ተምሮ፣ ደክሞበት የራስ ማድረግ ግን ሌላ ነው። የከተማችን ባህል የተገነባው በዚህ በሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም፣ በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህን ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን የጻፉት ደግሞ የጎጃሙ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ዜማው አገሩን በግፍ ከተነጠቀ ሕዝብ ልጅ፣ ቃሉ ከቅኔ ቤት ሊቅ! ከ1923ቱ የዘውድ በዓል አንሥቶ እስከ አብዮቱ ድረስ ትውልድ ቆሞ ዘምሮታል።

ከሁሉ በላይ የሚደንቁኝ ግን የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። በማዘጋጃ ቤቱ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ! ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ (ሃርሞኒ) ደግሞ በሰባት ድምፅ ላይ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ቢጫንባቸው ቅኝቱ ይጠፋል። ነርሲስ ይህን አጥንተው ለትራምፔቱም፣ ለሳክስፎኑም፣ ለቫዮሊኑም የየድርሻውን በኖታ ጻፉ። የአገሬው ጆሮም ዜማውን አልሳተም። ይህ ሁሉ በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ ነበራቸው፣ መሣሪያ ነበራቸው፣ መለማመጃ ቤት ነበራቸው።

ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡም ያው ነው። ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ አውርዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ከቀኝ ግራ እየላከ የሚያወጣውን ጥለት ጎንደሬዋ ለጥምቀት፣ ጉራጌዋ ለመስቀል ትለብሰዋለች። የመርካቶን ራጉኤልና አንዋር መስጊድ፣ በየሰፈሩ የነበረውንም የየመኖች ሱቅ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ፒያሳም ካዛንቺስም ፈርሰው እንደገና እየተሠሩ ነው። አዲሱን ሕንፃ አልጠላም። የሚያሳስበኝ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ኪራዩን የሚችሉት ባንክና ጌጣጌጥ ቤት ብቻ ከሆኑ የሚቀጥለው ነርሲስ የት ይለማመዳል?

በዚህ አዳራሽ ሕንፃ የምታስገነቡ አላችሁ፤ ንድፍ የምታወጡና የምታጸድቁም አላችሁ። ልመናዬ ለእናንተ ነው። በየሕንፃው አንድ ክፍል አዝማሪውና ሸማኔው ሊከፍሉት በሚችሉት ኪራይ ይለይ። ኋላ ጎረቤት በጩኸት እንዳይከስስ፣ ግድግዳው ከወዲሁ ድምፅ የማያሳልፍ ሆኖ ይሠራ። ውሉም ለዓመት ሳይሆን ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይሁን፤ ኦርኬስትራ በአንድ ዓመት አይቆምምና። ዛሬውኑ ፈቃደኛ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ከመድረኩ ስወርድ በግራ በኩል ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።