የትኛው ከተማ ያድጋል? መሬትስ የት እንያዝ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ከደሴና ከኮምቦልቻ አድማጮች ጋር በነበረን ቆይታ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው። ሰው የሚጠይቀኝ ግን ሁሌም ስለ መሬት ነው። በሰዓቱ ጥበት የቆረጥኳቸውን መልሶች እዚህ ጨርሻቸዋለሁ።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ ከአገራችን ከተሞች ወደፊት በጣም የሚያድገው የትኛው ነው? ያለችኝን ብር የት ላድርጋት?

ወንድሜ፣ አንድ ስም ጠርቼ ብገላግልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደዚያ አይሆንም። እኔ አንድን ከተማ ስመዝን መጀመሪያ የማየው ጭነት በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ነው። ቀጥሎ ውሃው ከየት ይመጣል እላለሁ። ከዚያ ለመስፋፊያ ሜዳ መኖሩን፣ ወጣቱም ሥራ ማግኘቱን አያለሁ። ፎቁን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን ድሬዳዋ ጠንካራ ናት። የጅቡቲ ባቡር አላት፤ ነፃ የንግድ ቀጠናዋም በነሐሴ 2014 ተመርቋል። አዳማና ሞጆ ዋናው የጭነት መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብም ሞጆ ነው ያለው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፋብሪካ ይወዳታል። ባሕር ዳር በ2016 አዲሱን የዓባይ ድልድይ አግኝታለች። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኳን በ2008 ስታስመርቅ ሠራተኛው ጎረፈ፤ ደመወዙ ግን ከቤት ኪራዩ ጋር መሮጥ አቃተው። ከተማ አደገ ማለት ነዋሪው ተመቸው ማለት እንዳልሆነ ከሐዋሳ ተምረናል።

ሁሉም ተስፋ አላቸው። አንተ ግን ከተማ አይደለም የምትገዛው፤ አንድ ቤት ነው። ስለዚህ የትም ሂድ የት፣ ብር ከመክፈልህ በፊት ማዘጋጃ ቤት ያለውን የቤቱን ፋይል እይ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ።

ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፦ ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ የሚያድገው? ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ነው።

ክርክሩን ተዉት። በመሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ያለው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሹራብ ታወልቃላችሁ፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ላይ ናት። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች ተይዛለች፤ የምትሰፋበት ሜዳ ጠባብ ነው። ግን ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የዞኑ ቢሮዎች፣ ትልቁ ንግድ እዚያ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳ አላት፤ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ደረቅ ወደብ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድም ከእርሷ ነው የሚነሳው። አባቶቻችን ኮምቦልቻን የሚያውቋት በአሰብ መኪና ነው። ያ መንገድ በ1990 ሲዘጋ የባቡር ሐዲድ የተነቀለ ያህል ነበር የተሰማን።

ለእኔ ሁለቱ የአንድ ቤት ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዱ ክፍል ብቻውን ቢያምር ቤቱ ቤት አይሆንም። የቦርከናን ወንዝ አስቡት፤ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። ላይ የጣልነው ቆሻሻ ታች ይደርሳል። ፕላናቸው አብሮ ካልተሠራ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ይህን በየስብሰባው እናገራለሁ፣ መናገሬንም አልተውም።

ከኮምቦልቻ፦ ባቡሩ መምጣቱ አይቀርም ብለው መሬት እየገዙ ነው። እኔስ?

አትግዛ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኮምቦልቻ በኩል ሐዲዱ ከተዘረጋ ዓመታት ቢያልፉም ባቡሩ አልመጣም። ቀን ቆርጦ የሚነግርህ ደላላ ካለ ከባቡሩ ሳይሆን ከአንተ ነው የሚያተርፈው።

ከኮምቦልቻ ዳርቻ፦ ከአንድ ገበሬ 200 ካሬ ልገዛ ነው። ውል ጽፈን ሦስት ምስክር አቁመናል። ቀብድ ከፍያለሁ። ችግር አለው?

አለው እንጂ! ትልቅ ችግር አለው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ በሳምንት አምስት ጊዜ ነው የምሰማው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው። ሊያከራይ ይችላል፣ ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። መሸጥ ግን አይችልም። የሌለውን መብት ደግሞ ሊያስተላልፍልህ አይችልም። በከተማ ክልል ውስጥ ከሆነም የሊዝ አዋጁ 721/2004 አለ፤ አዲስ መሬት በሊዝ እንጂ በመንደር ውል አይያዝም። ሦስት ምስክር ቀርቶ ሠላሳ ብታቆም ውሉ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ይህን ስለሚያውቁ ውሉን የብድር አስመስለው ይጽፉታል፤ «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ» እያሉ። ያ አንተን አያድንህም። ሁለታችሁንም ውሸት ውስጥ ነው የሚከታችሁ።

ባለፈው አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ነበር። ከፌስታል ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከልጅ ደብተር የተገነጠለ ነው። ሦስት የጣት አሻራ አለበት፤ አንደኛው ቀለሙ ፈሶ ጽሑፉን ሸፍኖታል። ልጃቸው አረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ የላከችው ብር ነው በዚያ ወረቀት የሄደው። ሁለት ክፍል ብሎኬት አቁመው ቆርቆሮ አልብሰውት ነበር። የመንገድ ቅየሳ መጣና ችካሉ መሀል ሳሎናቸው ላይ ተተከለ። ካሳ ጠየቁ። የካሳ አዋጁ 1161/2011 የሚክሰው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው፤ እናታችን ደግሞ በፋይል የሉም። «ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። አሁንም ስናገረው ይጨንቀኛል።

«ሁሉም እየሠራ ነው፣ ኋላ ሕጋዊ ይደረጋል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንዳንዱ በዕድል ተርፏል። አንተ ግን የቤተሰብህን ጥሪት በዕድል ላይ አታስቀምጥ። የጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይቆማል፤ በአንድ ጠዋትም ይፈርሳል። ገበሬውንም አስበው። ብሩ በዓመት ያልቃል፤ ማሳው ግን አይመለስለትም። ከተማው ሲደርስበት ሊከፈለው የሚገባውን ካሳም በዚያች ወረቀት ያወሳስበዋል።

ስለዚህ ቀሪውን ብር አትክፈል። ቀብዱን በሽማግሌ ጠይቅ፤ እምቢ ካለህ ጠበቃ ያዝ። የራስህ ቤት ከፈለግክ የሊዝ ጨረታ ተከታተል ወይም በማኅበር ተደራጅ። ካርታ ያለው ቤት ከሆነ የምትገዛው ማዘጋጃ ቤት ግባና ፋይሉ በሻጩ ስም መሆኑን፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጥ። የጋብቻውን ጉዳይ አትርሳ፤ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ትፈርም። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይፈጸም። ደላላው «ነገ ሌላ ገዢ ይወስደዋል» ካለህ ይውሰደው፤ አብሽር፣ ቤት አያልቅም።

ከደሴ፦ ከጦሳ ግርጌ ቁልቁለት ላይ ካርታ ያለው ቦታ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

ካርታ መኖሩ መልካም ነው። ካርታ ግን አፈር አይደግፍም። ደሴ በክረምት መሬት ይንሸራተትባታል፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። የአፈር ምርመራ የሚያደርግ መሐንዲስ ቦታው ድረስ ወስደህ አሳየው። እርሱ ሳያይ አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጥ።

ከኮምቦልቻ፦ ልጄ ፓርኩ ውስጥ ልትቀጠር ነው። ይዘልቃል ወይ?

እህቴ፣ ፓርኩ ሁለት ትልቅ በትር አርፎበታል። በ2014 ጦርነት ከተማዋና ፋብሪካዎቿ ተጎዱ። በዚያው ዓመት ከታኅሣሥ ጀምሮ አገራችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ወጣች፤ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ የሚልክ ድርጅት በዚህ ተመታ። ልጅሽ ትግባ፤ ልምድና ዲሲፕሊን ታገኛለች። ማታ ማታ ግን ትማር። እናንተም በእርሷ ደመወዝ ተማምናችሁ የብድር ቤት አትጀምሩ።

ከሰኞ ገበያ፦ ደሴ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ገብታለች ይባላል። እውነት ነው?

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። በግምት ላይ ተነስታችሁ ሆቴል አትክፈቱ።

ከደሴ፦ የኮሪደር ልማቱ ቤቴን ይነካዋል?

ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት አለ። ካርታህን ይዘህ ሂድና በጽሑፍ መልስ ጠይቅ።

ከጅዳ የደወለች እህት፦ ብር አጠራቅሜ ወንድሜ በስሙ ቤት ሊገዛልኝ ነው። ይሻላል?

እህቴ፣ ወንድምሽን መጠርጠሬ አይደለም። ነገ እርሱ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይታመማል፤ በስሙ ያለ ቤት የእርሱ ነው የሚባለው። ቆንስላው ዘንድ ቀርበሽ ውክልና ስጪው፤ ውክልናው ላይ ቤቱ በአንቺ ስም እንዲገዛ በግልጽ ይጻፍ። «ሁሉን እንዲያደርግ» የሚል ውክልና አትስጪ። ቃሉን ጠበቃ ያርቅልሽ፤ የጠበቃ ክፍያ ቢከብድሽም ከቤቱ ዋጋ አይበልጥም። ወንድምሽ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ፋይሉን አይቶ ይደውልልሽ። ብሩን ከዚያ በኋላ ነው የምትልኪው።