ዘይቱን ተወው፣ ውኃ አምጣ

ሰ፦ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬም ሐረር ነን፣ ጀጎል ውስጥ። ዝናቡ ገና አሁን ነው ያባራው፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሡን። ጋሼ፣ ባለፈው ስለ አያትህ ጠመንጃ ጀምረህ ያቋረጥከውን ዛሬ ሳትጨርስ አለቅህም።

ከ፦ አቦ እሺ! የአያቴ ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን ታፈሺበታለሽ፣ እርሳሱን በጨርቅ አድርገሽ በዘንግ ትገፊዋለሽ፣ ከኋላ ካፕሱሉን፣ ሲመታ እሳት የሚሰጠውን ትንሽ ቆብ፣ ትሰኪያለሽ። የድሮ ሰዎች «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚሉት ዓይነት።

ሰ፦ እስካጎርስ ድረስ ማለት ነው!

ከ፦ እንደሱ ነው። እዚህ ሐረር የኖረው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ወደብ ሸዋ ድረስ ለምኒልክ ያደረሰው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃም በካፕሱል የሚተኮስ ነበር። አውሮፓ ያን ጊዜ ጥሎታል። አያቴ ቤት ግን እኔ እስካድግ ድረስ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሰ፦ እና በዝገት አስበላሁት ያልከው?

ከ፦ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ለቅሶ ላይ አያቴ ሦስት ጊዜ ተኩሶ መጣ። ማታ ደክሞት «ወልውለህ ስቀለው» አለኝ። ኮራሁ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነበረን፤ በርሜሉን፣ ረጅሙን የብረት ቧንቧ፣ ውስጡንም ውጪውንም አሸሁት። ውኃ ጠብታ አላስነካሁትም፣ ብረት ውኃ አይወድም ብዬ። ወሩ ሐምሌ ነው። በሳምንቱ አያቴ አውርዶ ዘንጉን ሲያስገባ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ወጣ። አልተቆጣኝም። ጨርቁን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰ፦ ዘይት ጠጥቶ ሳለ እንዴት ዛገ?

ከ፦ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75ቱ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው ነው፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ። ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጋዝ አይሆንም፣ ጠጣር ነው። ከፊሉ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው በርሜሉ ላይ ይጋገራል። ያ ጥቀርሻ ጨው አለበት፤ ከአየር እርጥበት ይስባል። የድሮው ካፕሱል የሚተወውማ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። እስቲ ጨው ቅቤ ላይ ጨምሪ፣ ይሟሟል?

ሰ፦ ኧረ አይሟሟም፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

ከ፦ ዘይትም ጨውን አያሟሟም። ከሥሩ ደብቆ ያስቀምጠዋል፣ ጨውም ተደብቆ ብረቱን ይበላል። ውኃ ግን ጠርጎ ይወስደዋል።

ሰ፦ ስለዚህ አያትህ እንዴት አሳየህ?

ከ፦ ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ዘንጉን እስከ ታች ትከቺና አፈሙዙ ላይ የደረሰበትን በጣትሽ ይዘሽ ታወጪዋለሽ፤ ከዚያ ከውጪ በርሜሉ ጎን ትለኪዋለሽ። ኋላ ካፕሱሉ ጋ ካልደረሰ፣ ውስጡ የጎረሰ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የዘለለ ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

ሰ፦ ከዚያ ውኃው።

ከ፦ በርሜሉን ከእንጨቱ አላቅቀሽ ኋላውን ሳፋ ውስጥ ታቆሚዋለሽ። ካፕሱሉ የሚቀመጥባትን ትንሽ ቱቦ ፈትተሽ ለብቻዋ ትዘፈዝፊያታለሽ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጊና ላይ ታች በዪው፤ ውኃው በቀዳዳው እየተሳበ ይገባል፣ ይወጣል። ልክ እንደ ብስክሌት መንፊያ። መጀመሪያ ጥቁር ነው የሚወጣው፣ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከድኙ ነው። ለመጀመሪያው ውኃ ጥቂት ሳሙና፣ ከዚያ ንጹሕ፣ ጥርት እስኪል ድረስ።

ሰ፦ ፍል ውኃ?

ከ፦ አያቴ የፈላ ነበር የሚያፈስበት፤ በርሜሉ ይግልና ቶሎ ይደርቃል ይላል። በዚህ አልስማማም። በጣም ሲግል እዚያው ዓይንሽ እያየ ስስ ዝገት ያለብሰዋል። ለብ ያለ ይበቃል፣ ማድረቁን በጨርቅ ነው። አንዱ ጨርቅ እርጥብ ከወጣ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ያኔ ዘይት፣ ስስ አድርገሽ።

ሰ፦ እንጨቱስ?

ከ፦ ሰደፉን ውኃ አታስነኪው። በእርጥብ ጨርቅ ጥቀርሻውን ጠርገሽ የተልባ ዘይት ትቀቢዋለሽ፣ በቃ።

ሰ፦ ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቼ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቁም።

ከ፦ ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጥፋትሽን ትታገሥሻለች። እኛ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ክረምት ሲሆን ጉሙ አልጋ ድረስ ይገባል። ስለዚህ የዚያኑ ቀን ማጠብ ነው። በማግስቱም ደረቅ ጨርቅ ስደጂበት። ቡናማ ከያዘ እንደገና ከውኃው ትጀምሪያለሽ።

ሰ፦ ዘይቱ ውስጡ እንዳለ ቢጎርስስ?

ከ፦ ባሩዱ ይርስና ይከሽፋል። ከማጉረስ በፊት ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው።

ሰ፦ ጠመንጃው አሁን የት ነው?

ከ፦ አጎቴ ጋ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ሄጄ እወለውለዋለሁ። ዘንጉን ስከት መካከል ላይ ጨርቁ ያዝ ያደርገዋል። ያን ማታ ያስበላሁት ቦታ ነው፤ እዚያ ሁለት ጨርቅ እጨምራለሁ።