ሩቅ የዘነበው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው። ከአቃቂ አለፍ ብሎ፣ ከተማው አልቆ የጎመን ማሳው ከሚጀምርበት። ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የሰፈራችን ነው፣ ታገሱኝ።

ጥር ነው እንግዲህ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወንዛችን በድንጋዮቹ መካከል ቀጥኖ ይሄዳል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባህር ማዕበል ነው። ባህር በሌለው ሀገር፣ ያውም አቃቂ ላይ ቁጭ ብሎ ማዕበል ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባኛል። ለምን እንደሚያገባኝ እነግራችኋለሁ።

ሰሞኑን ማታ ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ስልኬ ላይ የሃዋይን ባህር አያለሁ። ኦዋሁ የምትባል ደሴት አለች፣ ሆኖሉሉ ያለችባት። የሰሜኑ ዳርቻዋ ላይ ማዕበሉን በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎች ተተክለዋል። ሰዓታቸው ከእኛ በ13 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ እየነጋ ነው። ሰርፈሮቹ፣ በሰሌዳ ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱት ማለቴ ነው፣ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው አሸዋው ላይ ይቆማሉ። እንደደረሱ ዘለው አይገቡም። ቆመው ያያሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ብዙ ደቂቃ ያያሉ።

እዚያ ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃው ፀጥ ብሎ ይተኛል። ዋይሜያ በሚባለው ወሽመጥ ልጆች ከአለት ላይ እየዘለሉ ይዋኛሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የእነሱ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ያው ወሽመጥ የማዕበሉ ፊት 10 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚቆምበት ቀን አለው። ባለሦስት ፎቅ ቤት ያክላል።

እኔን በጣም የገረመኝ ሰማዩ ነው። ያ ሁሉ ማዕበል ሲመጣ ሰማዩ ጥርት ሊል ይችላል። ፀሐይ ወጥቷል፣ ነፋሱ ቀላል ነው፣ ውሃው ግን ያገሳል። ማዕበሉ የተወለደው እዚያ አይደለማ። ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሰሜን ፓስፊክ ላይ፣ አውሎ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ነፋሱ ውሃውን የሚያነሳው በሦስት ነገር ነው። በጉልበቱ፣ በቆየበት ጊዜ፣ እና በሚያገኘው መንደርደሪያ። ቀይ ባህር ላይ ነፋስ የለም ማለት አይደለም፣ አለ። ባህሩ ጠባብ ስለሆነ መንደርደሪያ አያገኝም። ስለዚህ ምጽዋ ላይ የሃዋይ ዓይነት ማዕበል አይታይም። ፓስፊክ ግን ሰፊ ነው።

ውሃው ራሱ ደግሞ አይጓዝም። ባለበት ክብ ሠርቶ ይመለሳል። የሚጓዘው ጉልበቱ ነው።

የማዕበል ዘገባ የሚባል ነገር አላቸው። ሰርፈሮቹ ጠዋት ከቡና በፊት የሚያዩት እሱን ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው የሞገዱ ከፍታ ዋናው ቁጥር መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ ዓይናቸው የሚሄደው ሰከንዱ ላይ ነው። አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ? 7 ወይም 8 ከሆነ እዚያው አካባቢ ነፋስ የቀሰቀሰው ነው፣ ይንጫጫል እንጂ ጉልበት የለውም። 16፣ 18፣ 20 ካለ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። በ20 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ ሞገድ፣ ጉልበቱ ጥልቅ ባህር ላይ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የ10 ሰከንዱ የዚያን ግማሽ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አብረው ተነስተው መንገድ ላይ ይለያያሉ። ሰከንዳቸው የረዘመው ቀድመው ይደርሳሉ። አውሎ ነፋሱ 3,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ ከሁለት ቀን ትንሽ አለፍ ሲል ደጃፍህ ላይ ናቸው።

ይህንን የሚያውቁት እንዴት ነው? ከደሴቶቹ ራቅ ብለው፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ባህሩ ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎች አሉ። መለኪያው ከፍ ሲል ዝቅ ሲል ቁጥሩን ይልካል። ሰከንዱ በድንገት ረዘመ ማለት ማዕበሉ መንገድ ላይ ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወሬው በመንደሩ ይናኛል። እዚያ በዳርቻው የሚያልፈው መንገድ አንድ ነው፣ ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ መኪና ብቻ የሚያስኬድ። ትልቅ ማዕበል ሊመጣ ነው ከተባለ መንገዱ ይዘጋጋል። ጉዳይ ያለው ሰው አስቀድሞ ይጨርሳል። ማዕበሉ አሸዋውን እየበላ ከቤታቸው ደጃፍ የደረሰባቸውም አሉ፣ ለእነሱ ወሬው የደስታ አይደለም።

የዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት አንዱ ዋልተር ሙንክ ይባላል። በአውሮፓውያኑ 1917 የተወለደው ቪየና ነው። ከባህር በራቀ ከተማ። ኋላ ካሊፎርኒያ ሄዶ ከመምህሩ ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች የሚወርዱበትን ዳርቻ ማዕበል የሚተነብይ ዘዴ አወጣ። በ1963 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር መለኪያዎቹን በፓስፊክ ላይ ከደቡብ እስከ ሰሜን ደርድሮ፣ አንታርክቲካ አካባቢ የተነሳ ሞገድ አላስካ ድረስ እንደሚደርስ አሳየ። የምድርን ግማሽ ሊያክል የቀረው መንገድ ነው። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ባህር ዳር አልተወለደም፣ ባህሩን ግን አወቀው።

ወደ ቆሙት ሰዎች ልመለስ። ለምን ያን ያህል ቆመው እንደሚያዩ አሁን ገብቶኛል። ትልልቆቹ ሞገዶች ተራ በተራ አይመጡም፣ በቡድን ነው የሚመጡት። አንዱ ቡድን ካለፈ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ውሃው ዝም ሊል ይችላል። እንግዳ ሰው ያን ዝምታ አይቶ ይወርዳል። እግሩን ሊታጠብ፣ ፎቶ ሊነሳ። ቀጣዩ ቡድን ይመጣና ይወስደዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የምንለው እዚያም አለ።

ስለዚህ ላይፍጋርዶች አሏቸው፣ ነፍስ አዳኝ ዋናተኞች። ኤዲ አይካው የሚባል ሰው ነበር፣ የሃዋይ ተወላጅ። በአውሮፓውያኑ 1968 የሰሜኑ ዳርቻ የመጀመሪያ ላይፍጋርድ ሆኖ ተቀጠረ። ማንም አይገባበትም በሚባል ማዕበል ገብቶ ሰው ያወጣ ነበር። በ1978 ሆኩሌያ በምትባል የጥንት ዓይነት ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ሳለ ጀልባዋ ሌሊት ተገለበጠች። እርዳታ ልጥራ ብሎ ሰሌዳውን ይዞ በውሃው ሄደ። ሌሎቹ ተረፉ። እሱ አልተገኘም። በስሙ ዋይሜያ ላይ ውድድር አለ። ማዕበሉ በቂ ካልሆነ አይካሄድም፣ አብዛኛውን ዓመት ሳይካሄድ ያልፋል። በ2023 ጥር ተካሄደ። ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን የዚያው ዳርቻ ላይፍጋርድ ነው። የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ተራው ሲደርስ ገብቶ ይወዳደራል፣ ሲወጣ ወደ ማማው ይመለሳል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

የአቃቂ ወንዝ የሚወርደው ከላይ ነው። ትልቁ አቃቂም ትንሹ አቃቂም ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ተነስተው ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳሉ። እኛ ታች ነን። ባለፈው ነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። እናቶች ቆስጣ ይለቅማሉ። ሁለት ልጆች ድንጋዩ ላይ አንሶላ ያጥባሉ። በሰሜን በኩል እንጦጦ ጠቁሯል። ማሳው ጎን የሚኖሩ አዛውንት አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ድንገት ተነስተው «ውጡ! ውጡ!» አሉ። እኔ ምንም አላየሁም ነበር። ኋላ ነገሩኝ። መጀመሪያ የውሃው ቀለም ይቀየራል፣ ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ሽታው። ከዚያ ባዶ ሃይላንድ ተደርድሮ ይመጣል፣ ነጠላ ጫማ፣ ፌስታል። ድምፁ መጨረሻ ነው። ድምፁን ከሰማህ በኋላ የምትሮጠው ሩጫ አያስተማምንም። ልጆቹ ወጡ፣ እግዜር ይመስገን። አንሶላው ሄደ። የአንዱ ጎረቤታችን የውሃ ሞተር ሄደ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀመበት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ያ ደራሽ ውሃ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ከተማውን ሙሉ አቋርጧል። ስንት ሺህ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ አይቶታል። ፎቶም ያነሳ አይጠፋም። ግን ማን ጋ ይደውል? እኛን አያውቀንም።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ ወንዟ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ታኅሣሥ ላይ በእድራችን ስብሰባ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ጡሩምባችን የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ ለምን ሳይሞት አይነፋም አልኩ። መጀመሪያ ቅሬታ ነበር። ጡሩምባ የሐዘን ነው፣ ሰው ይደነግጣል፣ ማን ሞተ ብሎ ይወጣል ተባለ። ትክክል ናቸው። ብዙ ከተወራ በኋላ ጡሩምባ ነፊያችን ራሱ መላ አመጣ። ለውሃ ሲሆን ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ይነፋል፣ ለለቅሶ እንደወትሮው ያስረዝማል። እዚያው አሰማን። ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነው፣ ሕፃንም አይስተውም።

የቀረን የላይኛው ዓይን ነው። ባህር ላይ የሚንሳፈፍ መለኪያ የለንም። ወደ ትልቁ አቃቂ በሚገባው በቀበና ወንዝ ድልድይ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ እህት ግን አለችን። የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ጠዋት ሄዳ ማታ ነው የምትመለሰው። ወንዙን ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። ውሃው ከፍ ሲል ለእድሩ ጸሐፊ ትደውላለች፣ ጸሐፊው ለጡሩምባ ነፊው። የካርዱን እድሩ ይሞላላታል። ይህ ተወስኗል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል።

በመካኒሳ በኩል ለሚወርደው ለትንሹ አቃቂ ግን እስካሁን ሰው የለንም። ማታም ለሁለቱም የለንም፣ እሷ 1 ሰዓት ላይ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ስለዚህ ይህን የምትሰሙ፣ ድልድይ አጠገብ የምትኖሩ፣ ጥበቃ የምትሠሩ፣ ሌሊት የምታድሩ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስልክ ቁጥር እንለዋወጣለን። እስከ ሰኔ ጊዜ አለን። እርግጠኛ ባትሆኑም ደውሉ። ውሃው ሳይመጣ ቢቀር ማንም አይቀየማችሁም፣ ወጥተን እንመለሳለን።