ኩላሊትን የሚሠሩት ሴሎቹ ራሳቸው ናቸው
(በዓለም የኩላሊት ቀን ለታማሚዎች፣ ለቤተሰቦች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ተማሪዎቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ቆሜ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሙያዬ የፅንስ አፈጣጠር ነው። የሰውነታችን ክፍሎች ከጥቂት ሴሎች ተነሥተው እንዴት ቅርጽ እንደሚይዙ አስተምራለሁ። የኩላሊት ታማሚዎች ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው። «ኩላሊት በቤተ ሙከራ ተሠራ ይባላል፤ እውነት ነው? ለእኛስ መቼ ይደርሳል?» ዛሬ ሳልሸፋፍን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ ግራ እንዳይገባችሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ሰው ላይ ተተክሎ ሥራውን የሚሠራ ኩላሊት በቤተ ሙከራ ያሳደገ እስከ ዛሬ የለም። ነገር ግን ማጣሪያውና ቱቦው ተለይቶ የሚታይ፣ ከሰው ሴል የበቀለ ትንሽ የኩላሊት ቁራጭ ማሳደግ ተችሏል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1 ወይም 2 ሊትር ቢሆን ነው። የቀረው ውሃ፣ ጨውና ስኳር እየተመረጠ ወደ ደም ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ናቸው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ አሉ። ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። 200 ሺህ ገደማ ብቻ ይዞ የሚወለድ አለ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ያለውም አለ።

ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ኔፍሮን የሚሠራው በፅንስ ጊዜ ነው። እርግዝናው 36 ሳምንት አካባቢ ሲደርስ ሥራው ያበቃል። ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋል። ኩላሊት ግን ስኳር ወይም ደም ግፊት የበላበትን ኔፍሮን አይተካም። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላቸው ቁጥር ከመነሻው ያነሰ ነው። ስለዚህ የኩላሊት ጤና ከእናት ምግብና ከእርግዝና ክትትል ይጀምራል። ይህ ነገር በየመድረኩ በበቂ አይነገርም፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ማህፀን እንግባ። በ5ኛው ሳምንት አካባቢ ከአንድ ቀጭን ቱቦ ጎን ትንሽ እምቡጥ ትወጣለች። አጠገቧ ገና ቅርጽ ያልያዘ የሴሎች ክምችት አለ። ክምችቱ ጂዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። እምቡጧ ይህን ፕሮቲን የምትለይበት ሬት የሚባል መቀበያ አላት፤ ወደ መጣበት ታድጋለች። ክምችቱ ውስጥ ስትገባ ሁለት ቅርንጫፍ ታወጣለች። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እሷም ዝም አትልም። ዊንት 9ቢ የሚባል ፕሮቲን መልሳ ትልካለች። ያ የደረሳቸው ሴሎች ይሰበሰባሉ፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ትንሽ ኳስ ይሠራሉ። ኳሱ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ በአንድ ጫፉ ማጣሪያ ይሆናል፣ በሌላው ጫፉ ከቅርንጫፉ ጋር ይገጥማል። አንድ ኔፍሮን ተወለደ ማለት ነው። በ1996 የታተሙ ጥናቶች ጂዲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦች ያለ ኩላሊት እንደሚወለዱ አሳይተዋል። አንዲት መልእክት ስትጠፋ ኩላሊቱ ጨርሶ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መሃል አዛዥ የለም። የሰፈራችንን የሠርግ ድግስ አስቡት። ወረቀት ላይ የሰፈረ ዕቅድ የለም። ሽንኩርቱ ተልጦ ማለቁን ያየች ጎረቤት ድስቱን ትጥዳለች። እንጨት ማነሱን ያየ ወጣት መጥረቢያ ያነሣል። ሁሉም አጠገቡ ያለውን እያየ ይሠራል፤ ድግሱም ይደርሳል። ሴሎችም እንደዚሁ ናቸው። የኩላሊትን ሙሉ ቅርጽ የሚያውቅ አንድም ሴል የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ጎረቤቱ የላከለትን ብቻ ነው።

ይህን በቤተ ሙከራ ማየት የተቻለው በ1950ዎቹ ነው። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ግሮብስታይን ከአይጥ ፅንስ ላይ እምቡጡንና የሴሉን ክምችት ለየብቻ አወጣ። ለየብቻቸው ሲቀመጡ ኩላሊት አልሆኑም። ሲገናኙ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቀጥሎ በክምችቱና ቱቦ እንዲሠራ በሚቀሰቅሰው ሌላ የፅንስ ቁራጭ መካከል ቀዳዳው እጅግ ጠባብ የሆነ ወንፊት አደረገ። የክምችቱ ሴሎች በወንፊቱ ማዶ ሆነውም ቱቦ መሥራት ጀመሩ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ግን የኤድንብራው ሙከራ ነው። በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ጄሚ ዴቪስና ባልደረባቸው በ2010 ያሳተሙት ነው። የአይጥ ፅንስ ኩላሊት ወሰዱ። አንዱ ሴል ከሌላው እስኪለያይ ድረስ በተኑት። ቅርጽ የሚባል ነገር አልቀረም። ከዚያ ሴሎቹን መልሰው በአንድ ላይ ሰበሰቧቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ እንዳይሞቱም መድኃኒት ጨመሩላቸው። ሴሎቹ በራሳቸው ጊዜ ዘመድ ዘመዳቸውን ፈልገው ተሰባሰቡ። ቱቦ የሚሆኑት ቱቦ ሠሩ፤ ኔፍሮን የሚሆኑት ኔፍሮን ሠሩ። በ2011 ደግሞ ዘዴውን አሻሽለው ኔፍሮኖቹ በአንድ የቱቦ ዛፍ ዙሪያ እንዲደረደሩ አደረጉ። እስቲ አስቡት። ሰው ያን ቅርጽ በእጁ ልሥራ ቢል የት ይጀምራል? ከ20 በላይ ዓይነት ሴል፣ 1 ሚሊዮን ማጣሪያ፣ እያንዳንዱ ከደም ሥርና ከሽንት መውረጃ ጋር የተገጠመ። የሰውነት ክፍልን ከሴል ለመሥራት የሚጥር የቲሹ ኢንጂነሪንግ ባለሙያ በኩላሊት ላይ ትሑት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሥራው ሴሎቹን አንድ ባንድ መደርደር ሳይሆን ራሳቸው እንዲደረደሩ ሁኔታውን ማመቻቸት ሆኗል።

ከአይጥ ወደ ሰው ያሻገረን የጃፓኑ ሺኒያ ያማናካ ነው። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል አሳየ። ተራ የቆዳ ሴል ጥቂት ጂኖች ሲጨመሩለት ማንኛውንም የሰውነት ሴል መሆን ወደሚችልበት ደረጃ ይመለሳል። በ2012 ለዚህ ከጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2014 በጃፓን ኩማሞቶ የኒሺናካሙራ ቡድን፣ በ2015 በአውስትራሊያ ሜልበርን ሚኖሩ ታካሳቶና ሜሊሳ ሊትል፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካም ሌሎች፣ ማንኛውንም ሴል መሆን ከሚችል የሰው ሴል፣ ማለትም ከስቴም ሴል፣ የኩላሊት ቁራጭ አሳደጉ። ኦርጋኖይድ ይሉታል። «ኩላሊት ተሠራ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? መጠኑ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ብስለቱ ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስ ኩላሊት አያልፍም። ደም የሚዘዋወርበት የራሱ ሥርዓት የለውም። በ2018 በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች ኦርጋኖይዱን በአይጥ ኩላሊት ሽፋን ሥር ሲተክሉት የአይጧ ደም ሥሮች ገቡለት፤ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ሌላው ጉድለት ብዙም አይወራለትም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ እሱ ነው። ሽንቱ መውጫ የለውም። ኩላሊት ቢያጣራና ማውረጃ ባይኖረው ምን ይጠቅማል? የኤድንብራው ቡድን በ2017 በዚህ ላይ አንድ እርምጃ ሄደ። ቢኤምፒ4 የሚባለውን ፕሮቲን በአይጥ ኦርጋኖይድ በአንድ ጎን ብቻ ሰጡት። በዚያ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ወደ ሽንት ማውረጃነት ማዘንበል ጀመረ። በፅንስ ውስጥ እያንዳንዱ መልእክት የሚመጣበት አቅጣጫ አለው። ሳህን ላይ ያለው ኦርጋኖይድ ግን ከሁሉም ጎን ያው ነው፤ ላይና ታቹ፣ ፊትና ኋላው አይለይም።

ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሐሳቡ ሴሉን እኛ የጻፍነውን አዲስ ደንብ ማስተማር ነው። ለምሳሌ በኤድንብራ በ2016 ሁለት ዓይነት ሴሎች አዘጋጁ። አንዱ ኢ-ካድሄሪን፣ ሌላው ፒ-ካድሄሪን የሚባል ማጣበቂያ ፕሮቲን እንዲሠራ ጂን ገባለት። ተደባልቀው ሲቀመጡና ጂኑ በመድኃኒት ሲቀሰቀስ፣ ሴሎቹ እርስ በርስ ተለያይተው በየፊናቸው ነጠብጣብ ሠሩ። ማንም አልሳለላቸውም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ተፈጥሮ ያላዘዘችውን ቅርጽ ሴሎች እንዲሠሩ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ነገ የደም ሥር ወይም የሽንት መውጫ በዚህ ቦታ ይሁን ብለን ሴሎቹን ማዘዝ የምንችል ከሆነ መንገዱ ይህ ይመስለኛል።

እስከዚያው ኦርጋኖይዱ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳ እንደሆነ ይፈተሽበታል፤ በዘር የሚተላለፉ የኩላሊት ሕመሞች ይጠኑበታል። እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አፖኤል1 የሚባል ጂን አለ። ሁለት የታወቁ ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው፤ ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣሉ። በኦርጋኖይድም እየተጠኑ ነው። በ2011 የታተመና በእስራኤል የሚኖሩ ከኤችአይቪ ጋር ያሉ ቤተ እስራኤላውያንን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ እነዚህ ለውጦች በኢትዮጵያውያን ዘንድ አልተገኙም። በጥናቱ የነበሩት ታማሚዎችም በኤችአይቪ የሚመጣው የኩላሊት ሕመም አልታየባቸውም። ስለዚህ ለሌላው አፍሪካዊ የተገኘው ምክንያት የእኛን ሕመም አይገልጽም። የእኛን የሚገልጸው የእኛ ሰው ሴል ሲጠና ነው። ይህን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም።

ታማሚዎችና ቤተሰቦች፣ ለእናንተ ቁርጡን ልናገር። ዛሬ «ስቴም ሴል ተክለን ኩላሊትህን እናድሳለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ አትስጡት። ቤት ሸጣችሁ አትሂዱ። ዛሬ ያለው ሕክምና እጥበትና ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት ከየት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 ጀርመን በያዘችው ሆላንድ፣ የቋሊማ ሽፋን ከሚሠራበት ሴሎፌን የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ግን ራሷን ከሳተችበት ነቃች። ንቅለ ተከላም በ1954 በቦስተን በመንትዮች መካከል ተሳካ። በእኛ አገር በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ። የእጥበት ዋጋ ስንቱን ቤተሰብ እንዳራቆተ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እጥበት በመንግሥት ተቋም በአነስተኛ ዋጋ እንዲስፋፋ መጠየቅ ከማንኛውም የቤተ ሙከራ ዜና በፊት የሚቀድም ጉዳይ ነው። ይህን የምለው ያን ምርምር የሚወድ ሰው ሆኜ ነው።

ለተማሪዎች። በዚህ ዘርፍ ለመጀመር ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። የዶሮ እንቁላል፣ ማሞቂያና ማይክሮስኮፕ ካለ የፅንስ ኩላሊት ሲያድግ ማየት ይቻላል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ይህን በትምህርት ክፍላችን እንጀምራለን። መሳተፍ የሚፈልግ ዛሬ ከመሄዱ በፊት ስሙን በር ላይ ባለው መዝገብ ያስፍር። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።

አመሰግናለሁ።